ገብስ ውስጥ የቀበርኩት ድምፅ

በሁለት ሺህ አስራ አራት ዓ.ም. ክረምት ነው፣ ነሐሴ ገብቶ፣ መካነ ሰላም ጉም ወርዶባት እኩለ ቀኑ ከምሽቱ በማይለይበት ሰሞን። አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የሚይዘኝ ሰው አይደለሁም። ጂን እንዳለ ቁርዓን ነግሮናል፣ አምናለሁ፣ አበቃ። እገሌ ቤት ድምፅ ተሰማ፣ እገሊት ጥላ አየች ሲሉኝ ግን፣ አይጥ ነው፣ ቆርቆሮው ነው እያልኩ ሳልፍ የኖርኩ ነኝ። አሁንም የምነግራችሁ የሆነውን ብቻ ነው፣ ምንነቱን አላህ ያውቃል።

ሥራዬ ሰውን ትንሽ ያስቃል። አረብ አገር ሳለሁ የምሠራበት ቤት ጌታ አሮጌ ኮምፒውተር መፈታታት ይወድ ነበር፣ እኔ ባትሪ አበራለታለሁ፣ ብሎኑን በሳህን እይዝለታለሁ፣ እንዲሁ በማየት እጄ ለመደ። አገሬ ስገባ ከሳሎኔ ጥግ አንድ ጠረጴዛ አቆምኩ፣ ተማሪውም የመሥሪያ ቤት ሰውም የተበላሸበትን ያመጣልኛል፣ የሚነሳውን አስነሳለሁ፣ የማይነሳውን አይነሳም ብዬ በሐቅ እመልሳለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ በላይ አልጠየቅኩም።

ባለቤቴ ሸህ ሰይድ ልጆች ቁርዓን ያስቀሩ፣ ያስተምሩ ነበር፣ እኔንም ያስቀሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ አመል ነበራቸው፣ የሚቀራው ልጅ ሲሳሳት አይቆጡም፣ አይናገሩም፣ በያዙት ቀጭን የወይራ ዘንግ ሉሁን፣ ልጆቹ የሚጽፉበትን የእንጨት ሰሌዳ ማለቴ ነው፣ ሁለቴ ያንኳኩታል። ቋ፣ ቋ። ከዚያ ልጁ ራሱ ተመልሶ እስኪያርመው ዝም ነው። እኔ ደግሞ በአንድ ረጅም ሱራ ላይ ሁልጊዜ የምሳሳትበት ቦታ አለኝ፣ የሁለት አያዎች፣ የሁለት አንቀጾች ማለቴ ነው፣ አጨራረስ ይመሳሰልብኛል፣ ከአንደኛው ዘልዬ ሌላኛው ውስጥ እገባለሁ። በትዳር ዘመናችን ሁሉ እዚያች ቦታ ላይ ስንቴ እንደተንኳኳብኝ እኔም እሳቸውም አንቆጥረውም ነበር።

ልጃችን ሐያት ሪያድ ለሥራ ስትሄድ አባቷ ያንኑ ሱራ በድምፃቸው ኮምፒውተር ላይ ቀረጹላት። እሳቸው አኼራ ከሄዱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሐያት ቅጂውን በስልኳ ይዛ ከሥራ ስትገባ እሱን እየሰማች ነበር የምትተኛው፣ በዚያ ነሐሴ ስልኳ ተሰረቀ። ደወለችልኝና፣ «እማ፣ የአባን ድምፅ ላኪልኝ፣ እንቅልፍ እምቢ አለኝ» አለችኝ። ሌላ ቅጂ የለም። ያለው እሳቸው ካረፉ ወዲህ ባልነካሁት አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው።

ሶኬት ላይ ሰካሁት፣ አልነሳ አለ። ድምፁ ያለበትን ሃርድ ዲስክ አውጥቼ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ልገጥመው የጎኑን ሽፋን ስጎትት የቆርቆሮው ጠርዝ ቀኝ መዳፌን ቆረጠኝ። ትልቅ ነገር አልነበረም፣ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሦስት ቦታ ሰፉልኝ፣ ዐሥር ቀን ውሃ እንዳይነካው፣ እንዳልጨብጥበት ብለው ሸኙኝ። በግራ እጅ መጉረስ ስለከበደኝ በማንኪያ ስበላ ሰነበትኩ፣ ለሶላት ስነሳም በፋሻው ላይ አብሼ እሰግዳለሁ። ግን ደሜ ዲስኩ ላይ ጠብ ብሎ ነበር።

የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው። ውሃና ኤሌክትሪክ እንደማይስማሙ አጥቼው አይደለም። ደም ግን ነጃሳ ነው፣ ርኩስ ነው፣ ያ ብረት ደግሞ የአላህን ቃል ይዟል፣ ስመለስ ደሙ ደርቆበት ሳየው ልቤ አልቻለም። ለሶላት የምታጠብበትን የዉዱእ ማንቆርቆሪያዬን አንስቼ፣ ጨርቅ ነክሬ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፣ ምልክቱ እስኪጠፋ አጠብኩት። የምሠራው በግራ እጄ ብቻ ነው፣ ጨርቁን መጭመቅ አልቻልኩም፣ ውሃው ከስር ወዳለው አረንጓዴ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ገባ። ጠራረግኩት፣ ጥቂት ቆየሁ፣ ከዚያ በላይ ትዕግሥት አልነበረኝም፣ ቢስሚላህ ብዬ ሌላው ኮምፒውተር ላይ ገጠምኩት። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፣ ከዚያ ጸጥ አለ።

ለሐያት አልነገርኳትም። ስትደውል፣ እየሠራሁት ነው፣ ትንሽ ታገሺኝ አልኳት። በማግስቱም እንደዚያው። ሰው ስልክ ሲረጥብበት ሩዝ ውስጥ ይከታል፣ እኔ ቤት ሩዝ አልነበረም፣ ዲስኩን በነጠላ ቁራጭ ጠቅልዬ በእንጨት ሣጥን ደረቅ ገብስ ውስጥ ቀበርኩት፣ ከደንኩት፣ ጠረጴዛው ስር አስገባሁት።

በዚያ ሰሞን ሊጥ የምታቦካልኝ፣ ወጥ የምትሠራልኝ ግድግዳ ለግድግዳ የምንኖር ጎረቤቴ አስካለ ናት። ክርስቲያን ናት፣ ፍልሰታን ትጾማለች፣ እጅሽ እስኪድን አንቺም ከእኔ ጋር ቅቤ አትቀምሻትም እያለች ታሾፍብኛለች። ጠረጴዛዬን ስታይ ደግሞ፣ ይሄ ቆርቆሮ ዛሬ መዳፍሽን ቀመሰ፣ ነገ ክንድሽን ይጠይቅሻል ትለኛለች። እኔም እስቃለሁ። ዲስኩን ማቃጠሌን ግን ለእሷም አልነገርኳትም።

ዲስኩን በቀበርኩ በሰባተኛው ቀን፣ የከሰዓቱን የዐስር ሶላት ሰግጄ ስጨርስ፣ ጉሙ ደጃፍ ድረስ ገብቶ ቤቱ ጨልሟል። መብራት ከጠዋት ጀምሮ የለም። ዝናብ የለም፣ ንፋስ የለም፣ የጎረቤት ልጅ ድምፅ እንኳ አይሰማም። መስገጃው ላይ እንደተቀመጥኩ ጀርባዬን ለጠረጴዛው ሰጥቼ ያንን ሱራ ለሸሁ ብዬ መቅራት ጀመርኩ። እዚያች ቦታ ስደርስ እንደ ልማዴ ዘለልኩ።

ቋ፣ ቋ።

መቅራቴን አቆምኩ። መጀመሪያ ያሰብኩት የሥራዬን ነው፣ ሊሞት የደረሰ ሃርድ ዲስክ እንዲህ ያንኳኳል፣ ብዙ ሰምቻለሁ። ወዲያው ግን ትዝ አለኝ፣ ዲስኩ ከምንም ጋር አልተገናኘም፣ መብራትም የለም። አይጥ ነው አልኩ። አያውን ከሥሩ ይዤ በትክክል ቀራሁት፣ ምንም የለም። ቀጠልኩ፣ ምንም የለም። እስከ መጨረሻው አደረስኩት።

ተነስቼ ሣጥኑን በግራ እጄ ጎትቼ አወጣሁት፣ ክዳኑን አነሳሁት። ገብሱ እንዳስተካከልኩት ነው፣ አይጥም የነካው አይመስልም። ክዳኑን ሳልመልስ ከፊቱ ተቀመጥኩና ሱራውን እንደገና ጀመርኩ። እመኑኝ፣ ሆን ብዬ አልተሳሳትኩም፣ በአላህ ቃል ሆን ብሎ የሚሳሳት የለም። አሁን ደረስኩ፣ አሁን ደረስኩ እያልኩ ስፈራ፣ ፍርሃቱ ራሱ ምላሴን ጠለፈው።

ቋ፣ ቋ።

ከመሃል ያለው ገብስ ወደ ታች ሰመጥ አለ፣ ጥቂት ፍሬም ተንከባሎ ከሣጥኑ ጥግ ቆመ። በዓይኔ ነው ያየሁት።

በዚህ መሃል በሩ ተከፈተ፣ አስካለ ናት፣ የተሸፈነ ሳህን ይዛለች። ደጃፉ ላይ ቆማ ቤቱን በዓይኗ ዞረችው።

«ልጆቹን መልሰሽ ማስቀራት ጀመርሽ እንዴ?» አለችኝ።

«የምን ልጆች?»

«የሸሁ ሰሌዳ ሲንኳኳ ሰማሁ ልበል?»

ስንት ዓመት በግድግዳ በኩል የሰማችው ድምፅ ነው፣ እንዴት ይጠፋታል። ማንም የለም አልኳት። ፊቴን አየች፣ ሣጥኑን አየች፣ ሳህኑን ቀስ ብላ መሬት አስቀምጣ አማተበች። ያን ጊዜ ሁሉን ነገርኳት፣ ደሙን፣ ውሃውን፣ ማቃጠሌን። ለሐያት ምን አልሻት አለችኝ። እየሠራሁት ነው እንዳልኳት ነገርኳት።

«ተቆጥተውሽ ይሆን?» አለች ሣጥኑን እያየች።

«እሳቸው ተቆጥተው አያውቁም። ሰው ሲሳሳት ነው የሚያንኳኩት።»

«ታዲያ ተሳስተሻል እኮ፣ እህቴ» አለችኝ።

ሣጥኑን ከቤት እናውጣው ብላኝ ነበር፣ ድምፃቸው ያለው እዚያ ውስጥ ነው ብዬ እምቢ አልኩ፣ ክዳኑን ብቻ መለስኩበት። ብቻሽን አታድሪም ብላ ቤቷን ዘግታ መጣች፣ እሷ በዳዊቷ፣ እኔ በዚክሬ፣ አንዳችን ሌላችንን እያየን አነጋን። ሌላ አልተንኳኳም። አለመንኳኳቱ ይበልጥ አስፈራኝ፣ እኔ ከዚያ ወዲያ አንድ አያ አልቀራሁምና፣ የሚያንኳኳው ስሳሳት ብቻ ነው ማለት ነው።

ሲነጋ ሱብሒ ሰገድኩ፣ ሐያት ሥራ ሳትገባ ደወልኩላት። ምንም ሳላስቀር ነገርኳት፣ የዋሸኋትንም ጭምር። አለቀሰች። ድምፅ ሳታሰማ ስታለቅስ አውቃታለሁ፣ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።

«እንግዲያው አንቺ ቅሪልኝ» አለች።

ከሣጥኑ አጠገብ ተቀምጬ ቀራሁላት። ያችን ቦታ ተጠንቅቄ ተጠንቅቄ ደረስኩባት፣ ከመጠንቀቄ ብዛት ዘለልኳት። ትንፋሼን ይዤ ሣጥኑን አየሁት። ምንም የለም። አስካለም ከበሩ አጠገብ ሆና ራሷን ነቀነቀች፣ ምንም አልሰማችም። አልሐምዱሊላህ አልኩ በልቤ፣ አረምኩት፣ እስከ መጨረሻው አደረስኩት።

ሐያት ቀስ ብላ፣ «እማ፣» አለችኝ፣ «ስትሳሳቺ ያንኳኳው ማን ነው?»

ዳግም ልዋሻት አልፈለግኩም፣ እውነቱንም አላውቀውም። ቆይኝ አልኳት። ክዳኑን አነሳሁ፣ የሚያንኳኳ ካለ እሷው እንድትሰማው ስልኩን ገብሱ ላይ አስቀመጥኩት፣ የታሰረ እጄን በደህነኛው ይዤ ሱራውን ከመጀመሪያው ጀመርኩላት፣ ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ።