ለሞተር ጠቅላዩ እጅ ሆኜ

«እህቴ፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት ትችያለሽ?»

ልብስ ሰፊን እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይቼ አላውቅም። ቀና ስል ከኮሪደሩ ማዶ ያለው ሞተር ጠቅላይ፣ ለተቃጠለ ሞተር አዲስ ሽቦ የሚጠቀልለው ሰው፣ የሱቄ በር ላይ ቆሟል። ከአንገት ሰላምታ ያለፈ ትውውቅ አልነበረንም።

«አይ፣ እኔ ልብስ የምሰፋው በጥርሴ ነው!» አልኩት።

አልሳቀም። ይልቁንም አፈረ። ቀኝ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ በግራው አንድ ነገር ዘረጋልኝ። በሪሞት የሚበሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች አፍንጫ ላይ የሚገጠም፣ ከእንቁላል የሚያንስ ሞተር ነበር። ውስጡ ያለው ብረት ዙሪያውን ጥርስ አለው፤ በየጥርሱ የተጠቀለለው ቀጭን ሽቦ ተቃጥሎ ከሰል መስሏል።

«አዲስ ሽቦ ልጠቀልልበት ነበር» አለኝ። «በጥርሶቹ መሀል ማሾለክ አቃተኝ።»

«ለምን?»

ቀኝ እጁን ከኪሱ አወጣው። እንደ ቅጠል ይርገፈገፋል።

ሌላ ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር። ዋጥኩት።

ተከትዬው ሄድኩ። ሱቁ ጠባብ ከመሆኑ የተነሳ ሁለት ሰው ሲቀመጥ ጉልበት ለጉልበት ይነካካል። ከጣሪያው ላይ የተሰበሩ ክንፎች ተንጠልጥለዋል። የተቃጠለ ቫርኒሽ ይሸታል። የጠቆረውን ሽቦ ነቃቅለን ስንጨርስ አዲሱን እጄ ላይ አስያዘኝ።

«ብረቱ ከጫረው ያልቅለታል፣ እንደገና ይቃጠላል። አትጎትቺው፣ አባብይው።»

«ሽቦ ይባበላል እንዴ?»

«ከሰው ይሻላል» አለ።

ሥራው አልቆ ከባትሪ ጋር ሲያገናኘው ሞተሩ በቀጭን ድምፅ እያፏጨ ዞረ። ያኔ ነው ሲስቅ ያየሁት። ያ ሳቅ... ምን አባቱ እንዳደረገኝ አላውቅም!

ከዚያ በኋላ የስፌት ሥራ ቀዝቀዝ ሲል እሱ ጋ ነኝ። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ እጠቀልላለሁ። አውሮፕላን የሚያበሩት ደንበኞቹ «ጥቅሎ» ነው የሚሉት፤ እኔም ጥቅሎ አልኩት። እሱ ደግሞ «ሰፊዋ» ይለኛል።

ቤት እማ አለች። ግማሽ ጎኗ ሽባ ሆኖ አልጋ ከያዘች ቆይታለች፤ ከእኔ ሌላ ሰው የላትም።

«ምነው ሰሞኑን ስታገላብጪኝ ታንጎራጉሪያለሽ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ሰውየው ቁም ነገረኛ ነው ወይስ ሽቦ ብቻ ነው የሚያውቀው?»

«እማ ደግሞ!»

በግማሽ ፊቷ ሳቀች።

አንድ ቀን ምሳ ቋጥሬለት ስሄድ ከውስጥ የአንድ ደንበኛ ድምፅ ሰማሁ።

«ጥቅሎ፣ ሰፊዋን መቼ ነው የምታገባት?»

«ተወኝ ባክህ! እሷ ለእኔ እጅ ናት፤ ሌላ ምንም አይደለችም።»

ምሳውን እንደያዝኩ ተመለስኩ። የስፌት መኪናዬን ስረግጥ ዋልኩ፤ ምን እንደሰፋሁ ግን እንጃ። በማግስቱ መጥቶ ሲጠራኝ «ሥራ በዝቶብኛል» አልኩት። ሲደጋግም ደጋገምኩለት። በመጨረሻ መጥራቱን ተወ። በኮሪደሩ ስንተላለፍ ሁለታችንም መሬት መሬት እናያለን። በቁሜ ነደድኩ።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ከሱቁ የሚወድቅ ነገር ድምፅ ሰማሁ። ሮጥኩ። መሬት ላይ ተቀምጧል። የሽቦው ጥቅል ተተርትሮ እግሮቹ ላይ ተጠምጥሟል። አሁን የሚንቀጠቀጡት ሁለቱም እጆቹ ናቸው።

«አትምጪ! ሥራ በዝቶብኛል ብለሽ የለ?»

«አንተስ ምንም አይደለችም ብለህ የለ?»

«ሰምተሽኛል?» አለኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ልበለው? እወዳታለሁ ልበለው? ሐኪሙ በሽታው እጅ ላይ አይቆምም ብሎኛል። ወደ እግር ይወርዳል፣ አፍ ይይዛል። አንቺ ደግሞ ስትወጂኝ አየሁ... ፈራሁልሽ።»

ተንበርክኬ ሽቦውን ከእግሮቹ መፍታት ጀመርኩ።

«እወድሃለሁ፣ አንተ ደረቅ!» አልኩት።

አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ደስታችን ያችው ነበረች፤ መሬት ላይ፣ ሽቦ መሀል ተቀምጠን።

«እኛ ቤት ና» አልኩት። «እንጋባ። ሁለታችሁንም እኔ አስታምማለሁ።»

«እማን ብቻሽን አንስተሽ ብቻሽን እያስተኛሽ ወገብሽ አልቋል። በዚያ ላይ እኔ? አንድ ቀን ከሁለታችን አንዳችንን መምረጥ ይመጣብሻል። እዚያ ውስጥ አልከትሽም።»

ለመንኩት። ተቆጣሁት። አልሆነም። ሱቁን ዘጋ። ሩቅ አገር ያለች እህቱ መጥታ ልትወስደው አውቶቡስ ተራ ስንቆም የጃኬቱን ቁልፍ ቆለፍኩለት።

«እመጣለሁ» አልኩት።

«እማ እያለች አትመጪም።»

እውነቱን ነበር። ማን ላይ ጥያት ልሂድ?

በስልክ እናወራ ነበር። ደንበኞቹ ሞተሮቻቸውን ወደ እኔ ማምጣት ጀምረው ስለነበር የትኛው እንዳስቸገረኝ እነግረዋለሁ፤ ይመክረኛል። እያደር ቃላቱ ተሰባበሩ። ከዚያ ትንፋሹን ብቻ መስማት ጀመርኩ። በኋላ እህቱ፣ «እባክሽ አትደውዪ፤ ድምፅሽን የሰማ ቀን ሲያለቅስ ነው የሚያድረው» አለችኝ። ተውኩ። ያን ጊዜ እንዴት እንዳለፍኩት አትጠይቁኝ። እበላለሁ፣ እሰፋለሁ፣ እማን አገላብጣለሁ... በቃ።

እማ በክረምት አረፈች። ከመሞቷ በፊት፣ «ያን ሰው አሳጣሁሽ አይደል?» አለችኝ።

«ዝም በይ እማ» ብዬ ትራሷን አስተካከልኩላት።

ሐዘኔ ሳይወጣልኝ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። በሩን የከፈተልኝ አይቶኝ የማያውቅ የእህቱ ባል ነበር።

ልጠይቀው እንደመጣሁ ስነግረው፣ «ሰው እንኳን አይለይም» አለኝ። «ለመሆኑ ምኑ ነሽ?»

መንገዱን ሙሉ ለጥቅሎ የምለውን ስዘጋጅ ነበር፤ ይህን ግን አላሰብኩበትም።

«ሚስቱ ነኝ» አልኩ።

ሰውየው ግራ ተጋባ። «ሚስት አለው እንዴ?» ብሎ ወደ ጓዳ ዞረ።

ከውስጥ አንድ ድምፅ መጣ። የታፈነ፣ የሚታገል ድምፅ።

«አ... ዎ።»

ገፍቼው ገባሁ። አልጋው ላይ አጥንቱ ቀርቷል፤ ዓይኖቹ ግን የራሱ ነበሩ፣ በእንባ ተሞልተው። ካረፈ በኋላ እህቱ እንደነገረችኝ፣ ከዚያች «አዎ» በፊት ለብዙ ጊዜ ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ከዚያም በኋላ አልወጣም።

አብሬው ቆየሁ። አጠብኩት፣ አጎረስኩት፣ አጠገቡ ተኛሁ። አንድ ማለዳ ክንዴ ላይ እንዳለ ትንፋሹ ቆመ። ለረጅም ጊዜ አልተነሳሁም።

ለቀብር የመጡት ሰዎች አያውቁኝም። አንዲት ሴት እህቱን፣ «ሚስቱ የትኛዋ ናት?» ስትል ሰማሁ።

እህቱ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ክንዴንም ያዘች።

«እሷ ናት» አለች።