ሰባቴ የታጠበ ሳህን

ጥንዚዛ ያንኑ ሳህን ለሰባተኛ ጊዜ እያጠበች ነው። ትንሽ ከቆየች ሳህኑ ሳስቶ ማዶውን ያሳያል። «ጥንዚዛ» ብሎ ስም ያወጣላት ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ስትናደድ ስለምታጉረመርም። ሰሞኑን ደግሞ ሳትናደድ የዋለችበት ቀን የለም።

ጠቡ የተነሳው በቴሌቪዥን ነው። ወንድሟ አዲስ የወንጀል ድራማ መከታተል ጀመረ። መርማሪዋ ጉንፋን የማይለቃት፣ መኪናዋም ካልተገፋ የማይነሳላት ሴትዮ ናት። ጥንዚዛ ገና ማስታወቂያውን ስታይ፣ «ይቺ እንኳን ነፍሰ ገዳይ መሀረቧንም ፈልጋ አታገኝ!» ብላ አሽካካች።

«እንዳታዪዋ!» አላት።

«አንዲት ክፍል ካየሁ ወር ሙሉ የኳስ ጫማህን አጥባለሁ!»

ይህን ያለችው እናታቸው እየሰማች ነው። ያ ጫማ በረንዳ ላይ ሲወጣ ዝንቦች መንገድ ይቀይራሉ።

ድራማው ግን ጉድ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን ማድ ቤት ሆና ጆሮዋ ቆመ። በሁለተኛው ቀን ዓይኗ የሳሎኑን ቁም ሳጥን መስታወት አገኘ፤ ከማድ ቤቱ በር ጠጋ ብላ ከቆመች ቴሌቪዥኑ እንዳለ እዚያ ውስጥ ይታያል። ጉንፋናሟ ሴትዮ ከአንድ ብርጭቆ ተነስታ የሰው ሆድ ውስጥ ያለውን ምስጢር ስታወጣ፣ ጥንዚዛ ሳህኗን ታቅፋ መተንፈስ ትረሳለች።

ትናንት ታዲያ ወንድሟ የመታወቂያዋ ፎቶ ላይ ጢም ሳለባት። እሷም አልማረችውም።

«ገዳዩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ነው! የክፍሌ ልጅ መጨረሻውን አይታዋለች።»

ነጭ ውሸት ነው። ወንድሟ ግን ፊቱ ዐመድ መሰለ። «መርዝ ነሽ!» ብሎ የሪሞቱን ባትሪዎች አውጥቶ ኪሱ ከተተ።

ዛሬ የመጨረሻው ክፍል ነው። ለአስራ ሁለት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሆኗል፤ ቴሌቪዥኑ ጥቁር ነው። ወንድሟ ከፊቱ ተጎልቷል።

ሳህኑን አስቀመጠች። «አትከፍተውም?»

«ምን አገባሽ?»

«ልጅቷ ተሳስታ ቢሆንስ?»

«ዞር በይልኝ፣ ሙድ አትያዢብኝ።»

ሦስት ደቂቃ ቀረ። ጥንዚዛ አጉረመረመች፤ ከዚያ ፈነዳች። «አንተ ደንቆሮ! ኤሌክትሪክ ሠራተኛው እንዴት ይገድላል? ሟቹ የታነቀበት ገመድ በሁለት እጅ ነው የታሰረው! የሱ ደግሞ ያን ቀን ቀኝ እጁ በጄሶ ታሽጎ ነበር!»

«ግራ እጁ ነው!» ጮኸባት።

ከዚያ ዓይኑ ከእሷ ወደ ማድ ቤቱ በር፣ ከበሩ ወደ መስታወቱ ሄደ። መርማሪዋ እንኳን እንዲህ ፈጥና አታውቅም።

«በመስታወት! ተነቃብሽ! ስድስቱንም ክፍል?»

«የመጀመሪያውን በጆሮዬ ብቻ።»

«ገዳዩንስ?»

«አላውቅም። ማንም የነገረኝ የለም። ዋሸሁህ።»

ይስቃል ብላ ነበር። አልሳቀም። «ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ታውቂያለሽ? ሂጂ ማድ ቤትሽ ግቢ። መስታወቱን በአንሶላ ነው የምሸፍነው።»

ባትሪዎቹን መልሶ ከተተ። ቴሌቪዥኑ በራ፤ የመክፈቻው ሙዚቃ ጀመረ። ጥንዚዛ እግሯ ወደ ማድ ቤት አልሄደላትም። በረንዳ ወጣች፤ አፍንጫዋን ሸብሽባ ተመለሰች። በአንድ ክንዷ ውኃ የያዘ ሳፋና ብሩሽ፣ በሌላው እጇ ጣቶች ጫፍ ያን ጫማ አንጠልጥላለች። ከወንድሟ እግር ሥር፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀመጠች።

«ራቅ በይ፣ ይሸታል።»

«ያንተ እግር ነው!»

ራቅ አላለችም፤ እሱም አልገፋትም። ሴትዮዋ አስነጠሰች። መሀረቡን የያዘችበት እጅ፣ ለአምስት ቀን በመስታወት ግራ ይመስላት የነበረው፣ ቀኝ ነበር።

ጥንዚዛ ዓይኗን ሳትነቅል ብሩሹን ውኃ ውስጥ ነከረች፤ ከግራው ጫማ ጀመረች።