ከቀኝ የተነበበው ኮድ

ሸረፈዲን ፒያሳ በሚገኘው የጨርቅ ሱቁ፣ ባንኮኒው ላይ ተደፍቶ ተገኘ። ጨርቅ የሚለካበት የብረት ሜትር አናቱን ፈንክቶታል። ሰው ሲሞት ሁሉም ደግ ነበር ይባላል፤ እሱ ግን የእውነት ደግ ነበር። ምን ጠቀመው?

መርማሪዋ መቶ አለቃ አረጋሽ ሬሳው ሲነሣ ባንኮኒው ላይ በጠመኔ የተጻፉ የፈረንጅ ፊደሎች አየች።

«የባንካችን መለያ ኮድ ነው» አላት የባንክ ሠራተኛው ሀምዱ። «ጅዳ ያለው ወንድሙ የሱፍ ገንዘብ እንዲልክበት ባለፈው ሳምንት የጻፍኩለት እኔ ነኝ። ለሳፊያ ማሳከሚያ።»

ሳፊያ የባሽር ልጅ ናት፤ እሱም የሟች ሚስት የለይላ ወንድም ነው። ኩላሊቷ ከድቷት ኮምቦልቻ ተኝታለች።

«ባልሽ ይህን ማንበብ ይችል ነበር?» አለች አረጋሽ ለለይላ።

«እሱ የቀራው ዐረብኛ ነው። የፈረንጁን ፊደል ስም ስሙን ብቻ ከጣቃ ጨርቅ ላይ ለምዶታል እንጂ።»

አረጋሽ ኮምቦልቻ ወረደች።

«ከዐረፋ ወዲህ ሱቁን አልረገጥኩም፣ ወላሂ!» አለ ባሽር።

«ኮዱንስ ታውቀዋለህ?»

«ሀምዱ ነግሮኝ ልጄ አጠገብ እንደ ዚክር ስደጋግመው ነው የማድር፤ ኤስ፣ ዲ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኬ፣ ደብሊው።»

በማግስቱ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሀምዱ፣ አንብበው።»

«ደብሊው፣ ኬ፣ ኢ፣ ቲ፣ ዲ፣ ኤስ።»

«ለባሽር ነግረኸዋል?»

«ኧረ ከሰውዬው ጋር ተገናኝተንም አናውቅ!»

«ተምታቶብኝ ነው» አለ ባሽር።

«አንዲት ፊደል ሳትስት ከኋላ ወደ ፊት ወረድከው እኮ! እንዲያ የሚያነብ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እንደ ቁርኣኑ ከቀኝ የሚጀምር። ኮዱ ደግሞ የተጻፈው ባለፈው ሳምንት፣ ከዐረፋ ብዙ ቆይቶ ነው። በስልክ ሰምተኸው ቢሆን ሀምዱ ነገረኝ ብለህ ባልዋሸህ። ከዐረፋ ወዲህ ካልመጣህ፣ ከሟች አፍ መቼ ሰማኸው?»

ባሽር ጮኸ። «ገንዘቡን በልቶብኝ ነው! የልጄን ነፍስ! የታለ ስለው ይቺኑ ኮድ ያነብልኛል!»

«ማንም አልበላም። ጅዳ ደውዬ ጠይቄያለሁ። ለየሱፍም በስልክ እንዲሁ ገልብጦ ነው ያነበበለት። የጅዳው ባንክ እንዲህ ያለ ኮድ የለም ብሎ መለሰው። ገንዘቡ ከጅዳ አልወጣም።»

ባሽር ወደ እህቱ ዞረ። «ለይላ፣ ለየሱፍ ንገሪው፤ አሁን በትክክሉ ይላክ። ሳፊያ ምን አጠፋች?»

«ለወንድሙ ገዳይ ልጅ? በየትኛው አፌ?» አለች ለይላ፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ባሽር ፖሊሶቹ በካቴና ያሰሯቸውን እጆቹን ባንኮኒው ላይ አሳርፎ፣ ጣቱን ከግራ አስነሥቶ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይቆጥር ጀመር። ፖሊሶቹ ሲጎትቱት «ዲ» ላይ ደርሶ ነበር።