ሳይለቀለቁ የተሰጡ አንሶላዎች

መሱዳን ካሰሯት ፉዚያን ሆስፒታል ማን ይወስዳታል? ከትናንት ማታ ጀምሮ ብቀመጥም ብነሳም የማስበው ይህንኑ ነው። የልጅ ልጄን አክሊልን ረቡዕ ቀብረን፣ ድንኳኑ ገና ግቢያችን ውስጥ ቆሞ፣ እኔ ስለ ጎረቤቴ ልጅ እጨነቃለሁ። ሰው ቢሰማኝ ምን ይለኝ ነበር?

አክሊል አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። የጭኑ አጥንት ውስጥ ካንሰር ተገኝቶበት፣ አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆስፒታል በወጣቶች ክፍል ይታከም ነበር። የመሱዳ ልጅ ፉዚያም የደም ካንሰር ይዟት እዚያው ትታከማለች፤ ገና አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ክፍሉ ደግ ነው። ልጆቹ ከትምህርት እንዳይቀሩ አስተማሪ ይመጣላቸዋል፤ ወደ ከተማችን ነገሌ ሲመለሱ ደግሞ ሲስተር ሀይማኖት የምትባል ነርስ በስልክ ትከታተላቸዋለች። ጠዋት ጠዋት ትኩሳታቸውን ለክተን እንነግራታለን። የአክሊል አባት፣ ልጄ ባስልዮስ፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ መሱዳ ባለሱቅ ናት። ተራ እየገቡ ሁለቱንም ልጆች በአውቶቡስ ያመላልሷቸው ነበር። እንዲህ ነበርን።

ሰኞ ማታ መሱዳ የግመል ወተት ይዛ መጣች። ማክሰኞ ገና ሳይነጋ አክሊል ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጥርሱ ይንገጫገጫል፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። የከተማችን ሆስፒታል ደርሶ፣ ሐኪሙ ለምርመራ ደም እንደቀዳለት አረፈ። ባስልዮስ ከዚያው በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ «ልጄን ጎረቤቴ መረዘችብኝ» ብሎ አመለከተ።

ሐሙስ ጠዋት ኢንስፔክተር ዲንኪቱ መጣች። ቀጠን ያለች፣ ሲቪል የለበሰች የጉጂ ኦሮሞ ልጅ ናት።

«አካም ቡልተን፣ አዴ? ናጋ?» አለችኝ፤ እንዴት አደሩ እናቴ፣ ሰላም ነው ማለቷ ነው።

«ናጋ ከየት ይመጣል፣ ልጄ።»

«እግዜር ያጽናችሁ» አለችና ወደ ቤት ከመግባት ይልቅ ጓሮ ዞራ የልብስ ገመዱ ሥር ቆመች። ሁለት አንሶላና አንድ የትራስ ልብስ ተሰጥተዋል። የሐዘን ቤት ነው፤ ያወረዳቸው የለም።

«በዚህ ድርቅ ይህን ሁሉ የሚያጥብ ቤት ሀብታም ነው» አለች።

«ምን ሀብት አለ። ውሃው በአህያ ጋሪ ነው የሚመጣልን። እስከዳር ናት ያጠበችው፣ ሴት ልጄ። እኔም ተቆጥቼ ነበር።»

«መቼ ነው የተቆጡት?»

«እሑድ ነዋ። ከቅዳሴ ስመለስ እርጥቡ ፊቴን መታኝ። ማግስቱንም ደግሞ ታጥቦ ተሰጥቶ ነበር።»

ዲንኪቱ የአንሶላውን ጫፍ በጣቶቿ አሸችው። እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ነገር ረገፈ። አሸተተችው። «ሳሙና» አለች። የአንሶላው አንዱ ጫፍ መሬት እየነካ አፈር ይዟል። እኔ ይህን እስከዚያች ሰዓት አላየሁትም ነበር። ዓይኔ ምን ያያል፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያለቅስ።

እስከዳር ገና ሳትጠየቅ ማልቀስ ጀመረች። «ጠዋት ጠዋት የምለካው እኔ ነኝ። ሠላሳ ስድስት ከምናምን ነው፣ ሁልጊዜ። አንድም ቀን አልዋሸሁም።»

«ማን ዋሸሽ አለሽ? ስንት ሰዓት ነው የምትለኪው?»

«ቁርሱን ከበላ በኋላ፣ ወደ ሥራ ስወጣ።»

«ቁርሱን ማን ይሰጠዋል?»

«ጋሼ ባስልዮስ። እናቱ ከሞተች ጀምሮ አንድ ክፍል ነው የሚያድሩት። ከእሱ እጅ ካልሆነ አይጎርስም።»

«አንሶላዎቹንስ ለምን በደንብ አላለቀለቅሻቸውም?»

እስከዳር እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች። «እኔ? እማዬ ናት እንጂ ያጠበችው። በዚያ ወገቧ ጎንበስ ትላለች ብዬ ውስጤ ሲቃጠል ነው የሰነበተው።»

እኔና እሷ ተያየን። ዲንኪቱ ግን ወደ ሌላ ነገር አለፈች፤ እኛን ያላየች መሰለች።

ባስልዮስ ሳሎን ጥግ ተቀምጧል፤ ጢሙ አድጓል። ጥያቄ አልጠበቀም።

«ለዚህ የመድኃኒት ዙር አንድ አልጋ ብቻ ነው ያለው ተብሎ ነበር። ተራው የአክሊል ነው። አክሊል ከቀረ ማን ይገባል? ፉዚያ። ከዚህ በላይ ምን ይነገርዎታል?»

«ወተቱን እሱ ብቻ ነው የጠጣው?»

«እሱ ብቻ።»

«የተረፈውን እኔ ጨርሼዋለሁ» አልኩ። «ወተት ይደፋል እንዴ?»

ልጄ ክፉኛ አየኝ። «አንቺ ጤነኛ ነሽ፣ እማዬ።»

«ለማንኛውም የሐኪሙ ውጤት ደርሶኛል» አለች ዲንኪቱ። «መርዝ አልተገኘም። ደሙ በኢንፌክሽን ተመርዞ ነው የሞተው።»

«እንግዲያው ወተቱ አልፈላም ነበር ማለት ነው። ያው መግደል ነው።»

ወደ መሱዳ ሱቅ ስትሄድ ነጠላዬን ደርቤ ተከተልኳት። ዞር ብላ አየችኝ።

«አዴ፣ ሥራዬን ሊቀሙኝ ነው?»

«መሱዳ ብቻዋን አትፈራም ብለሽ ነው? ፖሊስ ነሽ እኮ።»

ሳቅ አለችና አስከተለችኝ።

መሱዳ ሱቋን ግማሹን ዘግታ ተቀምጣለች። ከመጋረጃው ጀርባ ፉዚያ በብርድ ልብስ ተሸፍና ትተኛለች፤ የተመለጠው ራሷ ብቻ ይታያል።

«ወላሂ ሁለቴ ነው ያፈላሁት» አለች መሱዳ። «ሲስተር እኔንም ነው ያስተማረችኝ። ከዚያው ድስት ፉዚያም ጠጥታለች። እኔ የሰው ልጅ መርዤ የራሴን ላድን? እትዬ ትርንጎ፣ እርስዎስ ይህን ያምናሉ?»

«አላምንም» አልኩ። ግን በሆዴ፣ ካላመንኩ ማን ገደለው እላለሁ።

«ልጅቷ መቼ ነው የምትሄደው?» አለች ዲንኪቱ።

«ቅዳሜ። አልጋው ለእሷ ዞረ አሉኝ። በዚህ መንገድ እንዲዞርልኝ ማን ለመነ? እኔን ካሰራችሁኝ አውቶቡስ ላይ ማን ይደግፋታል? አባቷ ሞያሌ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ አይሠራም።»

«ትኩሳቷስ?»

«ጠዋት ለክቼ ለሲስተር ነግሬያታለሁ። ደህና ናት።»

ዲንኪቱ መደርደሪያውን አየች። ከሻማና ከክብሪት አጠገብ የራስ ምታት ኪኒን ተደርድሯል። «ይህ ይሸጣል?»

«አቧራው ሁሉን ያሳምማል። ጋሽ ባስልዮስ ሳይቀሩ ይወስዳሉ፤ የፈተና ወረቀት ማረሙ ራሴን ይፈልጠዋል ይላሉ።»

ከሰዓት በኋላ ሁላችንንም ሳሎን ሰበሰበችን፤ እኔን፣ ባስልዮስን፣ እስከዳርን፣ መሱዳን። ለቀስተኞቹ ድንኳን ውስጥ ቀሩ። ሲስተር ሀይማኖትን በስልክ ጠርታ ድምፁን ከፍ አድርጋ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ባስልዮስ መሱዳን ሲያይ ሊነሳ ሲል «ይቀመጡ» አለችው፤ ተቀመጠ።

«ከወተቱ እጀምራለሁ። አንዱ ድስት ሦስት ሰው አጠጥቷል። አንዷ አሮጊት ናቸው፣ አንዷ እንደ አክሊል የታመመች ልጅ ናት። ሁለቱም አሉ። ደግሞ ወተቱ የመጣው ሰኞ ማታ ነው። አዴ ግን እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ እርጥብ አንሶላ ፊታቸውን መታቸው። ስለዚህ በሽታው ከወተቱ በፊት እዚህ ቤት ነበር።»

«አንሶላና በሽታ ምን አገናኘው?» አለ ባስልዮስ።

«ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ወቅት ያልቆሸሸ አንሶላ አይታጠብም፤ ይህ ደግሞ እየተደጋገመ ታጥቧል። የታመመ ልጅ አንሶላ በምን ይርሳል? በላብ። ላብ የሚመጣው ትኩሳት ሲበርድ ነው። ሲስተር፣ ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳትሽም» አለ ስልኩ። «እኔ ግን ትኩሳት አለው ተብሎ አንድም ቀን አልተነገረኝም።»

«እስከዳርም አልዋሸችም። እሷ በምትለካበት ሰዓት ትኩሳቱ ወርዶ ነው የሚጠብቃት። በየቀኑ፣ ልክ እሷ ከመምጣቷ በፊት። ትኩሳት በራሱ እንዲህ ሰዓት አያከብርም። የሚያወርደው ሰው ነበረ።»

ከድንኳኑ የሰዎች ሳል ይሰማል።

«ያ ሰው አንሶላውን ያጠበው ሰው ነው። እናት ልጄ አጠበች ብለዋል፤ ልጅ እናቴ አጠበች ብላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ጨርቁ ላይ ሳሙናው ደርቆ ቀርቷል። አልተጨመቀም። ጫፉ አፈር ላይ ተጎትቷል። እነዚህ ሁለት ሴቶች እንዲህ አድርገው አይሰጡም። መሱዳ ደግሞ ጠዋት እዚህ አትመጣም። የቀረው በሕይወቱ አንሶላ አጥቦ የማያውቅ፣ ከልጁ ጋር የሚያድር፣ ቁርሱን የሚያጎርስ፣ ትኩሳትም የሚያወርደውን የራስ ምታት ኪኒን የሚገዛ ሰው ነው።»

እኔ ልጄን አላየሁትም። ማየት ፈራሁ። እጆቹን ብቻ አየሁ፤ ጉልበቱ ላይ ተጣብቀዋል።

«ዓምና» አለ ባስልዮስ፣ «ትኩሳት ይዞት ወሰድኩት። ዙሩ ይዘገይ አሉኝ። ተመልሶ ራጅ ሲነሳ ዕጢው አድጎ ነበር። በመዘግየቱ ነው ብዬ አመንኩ። አሁን ደግሞ አልጋው አንድ ነው። ትኩሳት ካዩበት ይመልሱታል። መድኃኒቱ እንዳይከለከል ብዬ ነው። ረቡዕ ለቀጠሮው ቢደርስ ኖሮ...»

«አቶ ባስልዮስ» አለች ሲስተር ከስልኩ። «ያኔ ያዘገየነው ኢንፌክሽኑን ለማከም ነበር። ያን ጊዜ የተረፈው በዚያ ነው። መድኃኒታችን የልጆቹን የደም መከላከያ ያወርደዋል። ትኩሳቱ ብቻ ነው ድረሱልኝ የሚልላቸው። እሱን ካፈኑት ልጁ አፍ የለውም።»

«ሰምቼው ነበር» አለ። «መጀመሪያ ቀን ነግራችሁኛል። ግን ከትኩሳቱ ይልቅ መዘግየቱን ፈራሁ።»

እስከዳር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። እኔ ልጄን ልምታው ወይስ ልቀፈው አላወቅሁም፤ እጄ አየር ላይ ቀረ። ለካ ሰው በፍቅሩም ይገድላል። እንዲህ ያለ ነገር ለጠላቴም አይድረስ።

«መሱዳ ነፃ ናት» አለች ዲንኪቱ። ማስታወስ የምትፈልገው ነገር ያለ ይመስል ግንባሯን ቋጠረች። «አቶ ባስልዮስ፣ ይህን ዘዴ ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

ጢሙን በመዳፉ አሸ።

«ባስልዮስ፣ መልስ» አልኩት።

«ባለፈው ጉዞ» አለ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «ቦሬ ላይ ምሳ ስንበላ። እንዳይመልሷቸው ብዬ፣ ለሁለቱም ልጆች አስቤ ነው የነገርኳት።»

ሁላችንም ወደ መሱዳ ዞርን። ፊቷ አመድ መስሏል። ሁለት ጣቶቿን አንድ ነገር እንደያዘች አጋጥማ ትኩር ብላ ታያቸዋለች፤ ኪኒን የሚቆነጠረው እንዲያ ነው።

«ሄሎ?» አለች ሲስተር። «መሱዳ ኪኒኑን ለፉዚያ ዛሬ ሰጥታታለች? ቅዳሜን እንዳትጠብቁ። አሁኑኑ እዚያው ነገሌ ሆስፒታል ይዛችኋት ግቡ፣ ሐኪሙን እኔ አነጋግረዋለሁ። ሄሎ?»

ዲንኪቱ በመስኮት ለሾፌሯ «መኪናውን አስነሳ» አለች።

መሱዳ ተነሳች። ሻሿ ከትከሻዋ ወደቀ፤ አላነሳችውም። በባስልዮስ እግር ላይ ተራምዳ፣ ጫማዋን በር ላይ ትታ ወደ ሱቋ ሮጠች።