የአይላ ፈቃድ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው...

ቦታው ተንደር ቤይ የሚባል ብርዳም ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ያለ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን። ወሩ የካቲት፣ ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ከሃያ። ፀሐይ ወጥታለች።

የስምንቱም የበረዶ ክፍሎች ሙቀትና በር ከአንድ ድረ ገጽ ነው የሚታዘዘው። አለቃዬ ዋልተር ለየሠራተኛው የራሱን መግቢያና የይለፍ ቃል እንዳወጣ አዘዘኝ። ማን ማየት ብቻ እንደሚችል፣ ማን በር እንደሚከፍት፣ ማን ሁሉን እንደሚያዝ የምወስነው እኔ ነኝ።

ይህ ሁሉ ያስፈለገው በእኔ ጥፋት ነው።

አምና አይላ የምትባል ባልደረባዬ ገጹን ሳትዘጋ ምሳ ወጣች። እኔ በራሴ ስም ለመግባት ሰነፍኩና በእሷው ገጽ ስነካካ የክፍል ሦስትን ማቀዝቀዣ አጠፋሁት። ዓሣው በሙሉ በሰበሰ። መዝገቡ ላይ የወጣው ግን የእሷ ስም ነበር።

እኔ አይደለሁም ብላ ማለች። አጠገቧ ቆሜ ዝም አልኩ።

ተባረረች። የቤት ኪራይ አቅቷት መኪናዋ ውስጥ ማደር ጀመረች። በጥር አንድ ጠዋት እዚያው በብርድ ደርቃ ተገኘች።

ወደ ነገሬ ልመለስ... ስድስት ስም አስገባሁ። ዝርዝሩ ላይ ሰባት ሆነ።

ሰባተኛዋ አይላ ናት።

ሰረዝኳት። ተመልሳ መጣች... ከስሟ ጎን "ሁሉን አዛዥ" ይላል። ከእኔ ስም ጎን ደግሞ "ማየት ብቻ"።

ዋልተር ጋ ደውዬ ሌላ ሰው አስገብተህ ነበር ወይ ስለው ሳቀብኝ።

ስልኩን ሳልዘጋው ከክፍል ስምንት በታች አዲስ መስመር ወጣ። ክፍል ዘጠኝ... እንዲህ የሚባል ክፍል የለንም።

በር፦ ተቆልፏል። ሙቀት፦ 20... 15... 9...

ትንፋሼ እንደ ጭስ ታየኝ። ያኔ ገባኝ፤ ክፍል ዘጠኝ የተቀመጥኩበት ቢሮ ነው።

በሩን ብታገለው እምቢ አለ። ዋልተር ቶሎ እንዲመጣ በስልኩ ለመንኩት። መጥቶ ከውጭ ቢገፋው ወይ ፍንክች።

"ግሌን... ከማን ጋር ነው የምታወራው?" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ብቻዬን ነኝ።"

"የሴት ድምፅ እኮ ይሰማኛል።"

ገጹ ላይ የፈቃድ መጠየቂያ ሳጥን ተከፈተ። ምክንያትህን ጻፍ ይላል። ጣቶቼ አልታዘዝ እያሉኝ ጻፍኩ።

"ክፍል ሦስትን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አይላ ምንም አላደረገችም። ማሪኝ።"

ላክሁት።

መልሱ ወዲያው መጣ።

"አልተፈቀደም።"

ሙቀት፦ -11... -18...

ዋልተር በሩን በመጥረቢያ ሰብሮ አወጣኝ። የቀኝ እጄን ሦስት ጣቶች ሐኪም ቆረጣቸው። አላማርርም፤ የእጄን ነው ያገኘሁት።

ግን ስወጣ ዞር ብዬ ያየሁት...

ጠረጴዛው፣ ወረቀቱ፣ ግድግዳው፣ ሁሉም አመዳይ ለብሷል። ከተቀመጥኩበት ፊት ለፊት ያለችው፣ ማንም ያልተቀመጠባት ወንበር ብቻ ደረቅ ናት።

ዋልተር እጁን አሳረፈባትና ቶሎ ሰበሰበው።

"ትሞቃለች" አለኝ።