ወደ ቢዮ አዋሌ የተሰመረው መንገድ

ዐብዲሻኩር የሞተው እህቱ ባሰመረችለት መንገድ ነው። ከተማው የሚለው ይህንኑ ነው፤ መዝገቡ ላይ የሰፈረውም ይህንኑ ነው፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ እናቱም ያመነችው ይህንኑ መሆኑ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ከቢዮ አዋሌ ወዲህ፣ ጠጠር ለማውጣት ግማሹ በተቆረጠ ኮረብታ ሥር ከነሞተር ሳይክሉ ወድቆ ተገኘ። ወደ ኮረብታው የሚወጣው የድሮ መንገድ አናቱ ላይ ሲደርስ ድንገት ያልቃል፤ ከዚያ ወዲያ አየር ነው። መሪው ላይ የታሰረችው ጂፒኤስ መስታወቷ ቢሰነጠቅም አልጠፋችም ነበር። የምታሳየው ሐምራዊ መስመር ገደሉን እንዳላየ ሆኖ ቀጥ ብሎ ያልፋል።

መስመሩን የሠራችው ሱሀይራ ናት። «አዴር» የምትላቸው አጎቷ ሃሺ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ እንግዶችን በሞተር ሳይክል የሚያስጎበኝ ትንሽ ድርጅት አላቸው። እሷ መንገዱን ኮምፒውተር ላይ በካርታ ፕሮግራም ታሰምራለች፣ በገመድ አገናኝታ ወደ ጂፒኤሷ ትጭናለች፤ ሻኩር ደግሞ ከእንግዶቹ ቀድሞ ሄዶ ይፈትሸዋል። የእህቱን መስመር ባቡር ሐዲዱን እንደሚከተል ነበር የሚከተለው።

ሱሀይራ ከዓርብ ጀምሮ ፖሊስ ጣቢያ ናት። ጥያቄውም አጭር፣ መልሷም አጭር ነበር። ማን አሰመረው? እኔ። ማን ጫነው? እኔ። መቼ? ረቡዕ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ። እውነት በተናገረች ቁጥር ገመዱ ይጠብቅባታል። ብትዋሽ ምናልባት መፈናፈኛ ታገኝ ነበር፤ ግን ውሸት አታውቅበትም፣ ሻኩርም በዚህ ሲስቅባት ነው የኖረው።

ወጣቱ መርማሪ ሁለት ወረቀት ፊቷ ዘረጋ። አንደኛው ከኮምፒውተሯ የተገለበጠ ነው፤ መስመሩ አርባ አንድ ነጥብ አለው፣ ኮረብታውን በሩቁ ዞሮ ያልፋል፣ ፋይሉ የተጻፈበት ሰዓት ረቡዕ 13:20 ይላል። ሁለተኛው ከጂፒኤሷ የተገኘ ነው፤ ሦስት ነጥብ ብቻ፣ ሰዓቱም 19:20። ጂፒኤስ ጥቂት ነጥብ ከተሰጣት መካከሉን በራሷ ትሞላለች፣ የምትመርጠውም አጭሩን ነው፤ ኮረብታው መቆረጡን ደግሞ የውስጥ ካርታዋ አያውቅም።

«በቀን ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ ደህናውን ሠርተሻል» አላት። «ማታ አንድ ከሃያ ላይ አሳጥረሽ ጫንሽው። ለምን?»

አላስታውስም አለች። ሰው ደግሞ ሌት ተቀን ሲጠየቅ ያላደረገውን ማስታወስ ይጀምራል፤ ቅዳሜ ሲመሽ ሱሀይራ እጆቿን እያየች «እነዚሁ ይሆኑ እንዴ?» ማለት ጀመረች። እስራቱ አልነበረም ያስፈራት። መስኮት የሌላት ክፍል ታቃጥላለች እንጂ አትገድልም። ያስፈራት ይህን ጥያቄ ይዛ ዕድሜዋን መግፋቷ ነው። እናቷ መሪያም እንኳ ጣቢያው በር ድረስ መጥታ፣ ምግቡን ለተረኛዋ ፖሊስ አቀብላ፣ ልጇን ሳታይ ተመልሳለች።

እሑድ ጠዋት መዝገቡ ወደ ኢንስፔክተር ማህደር ተዛወረ። ማህደር የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ድሬ የመጣች ሰሞን ትልቅ ትንሹ «አንቺ» ሲላት ተቀይማ ነበር፤ ስምንት ዓመት ስትከርም ግን አንቱ የሚላትን ሰው መጠርጠር ጀምራለች። ከሙቀቱ ጋር ግን እስከ ዛሬ አልታረቀችም። ሱሀይራን ከአንዲት ሴት ፖሊስ ጋር በባጃጅ ይዛት ወደ ከዚራ ስትሄድ መንገድ ላይ የጠየቀቻት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ረቡዕ ቀን ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ የት ነበርሽ?»

«ቤት ተኝቼ። አቦ፣ በዚያ ሙቀት ድሬ ማን ይሠራል? አዴር ሃሺ ስድስት ተኩል ላይ ቢሮውን ይቆልፋል፣ ዐሥር ሰዓት ነው የሚከፍተው። እኔ ቁልፍ የለኝም።»

ማህደር ላቧን ጠረገች።

ቢሮው እንደ ደረሱ የሱሀይራ ወንበር ላይ ተቀምጣ ኮምፒውተሩን አስነሳችው። ከስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ትንሽ ቆይታ አየችው፤ ከዚያ የእጅ ሰዓቷን አየች። ሁለቱም አራት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ይላሉ። ከዓርብ ጀምሮ ስንቱ ፖሊስ ያየው ነገር ነው፤ ልክ ስለነበረ ግን ማንም ልብ አላለውም።

ከዚያ ሦስቱን የቢሮ ሰዎች አንድ በአንድ አስጠራች። የሦስቱም ኪስ ውስጥ ቁልፍ አለ፣ ጂፒኤሷም ረቡዕ ያደረችው እዚያው መደርደሪያ ላይ ነው። የጠየቀቻቸው ሱሀይራ ጭና የጨረሰችበትን ሰዓት ነበር። ሃሺ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ኢሻ ሳይደርስ አሉ። መካኒኩ አብዱላሂ ለኢሻ ሊታጠብ፣ ውዱእ ሊያደርግ ሲነሳ እንደነበረ ነገራት፤ ኮምፒውተሩን ቀርቦ አይቶት እንደሆነ ስትጠይቀው የዘይት እጆቹን ዘርግቶ ሳቀ፣ ሱሀይራ በአምስት ክንድ ርቀት ነው የምታቆመው።

ሦስተኛው ሁዘይፋ ነው፤ ከውጭ ለሚመጡ እንግዶች የሚጽፈው፣ አልፎ አልፎም የሚመራቸው። ቀዝቃዛ ውሃ አቀረበላት።

«ከምሽቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ነው» አለ። «ስትጨርስ ሰዓቱን ጮክ ብላ የመናገር ልማድ አላት። እኔ ለእንግዳ የምጽፈው መልእክት ስለነበረኝ በደንብ አስታውሳለሁ። ይጠጡ እንጂ።»

ማህደር አመስግና ጠጣች። ላፕቶፑን ለጥቂት ሰዓት እንዲያውሳት ጠየቀችው፤ ትንሽ አመነታ፣ ሰጣት። ከዚያ ሱሀይራን ለፖሊሷ አደራ ብላ ወደ ቢዮ አዋሌ ሄደች።

ቀኑ አልገፋ አለ። መስኮቶቹ ለሙቀቱ ተዘግተዋል፣ በሩ ላይ ፖሊሷ ተቀምጣለች። ሱሀይራ ውጭ የሚያልፉትን ባጃጆች በድምፃቸው ትከተላለች፤ ይህ ወደ ባቡር ጣቢያው ይሄዳል፣ ያ ወደ ደቻቱ ድልድይ ይወርዳል። የከተማውን መንገድ ሁሉ በልቧ ታውቀዋለች፤ ከዚያች ክፍል የምትወጣበትን ግን አታውቅም።

ዐሥር ሰዓት ላይ ማህደር አቧራ ለብሳ ተመለሰች፣ ሁሉንም ሰበሰበች። መሪያምም ተጠርታ መጥታ ከልጇ ርቃ በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

«ሁለት ፋይል አለን» አለች ማህደር። «አንዱ 13:20 ይላል፣ አንዱ 19:20። መካከላቸው ስንት ነው?»

«ስድስት ሰዓት» አለ አብዱላሂ።

«ልክ ስድስት፣ አንዲት ደቂቃ እንኳ ሳይዛነፍ። እኛ አገር በልክ ስድስት ሰዓት የሚለያይ ነገር ምንድን ነው?»

ሃሺ ጢማቸውን ዳሰሱ። «የእኛና የፈረንጅ ሰዓት ነዋ።»

ማህደር ስክሪኑን ወደ እነሱ አዞረችው። «አሁን ዐሥር ሰዓት ከአምስት ነው። ይህም 10:05 ይላል። ማለት የነበረበት 16:05 ነው። ማነው ሰዓቱን የለወጠው?»

«እኔ ነኝ ያስለወጥኳት» አሉ ሃሺ። «የፈረንጁን እያየሁ ሁለቴ ሶላት አልፎኛል፣ ወላሂ።»

ሱሀይራ የገዛ ጭንቅላቷን መምታት አማራት። ሦስት ዓመት በዚያ ሰዓት ሠርታ፣ ሰዓቱ የተለወጠ መሆኑን ረስታዋለች። ከእጇ ሰዓት ጋር የሚስማማውን ነገር ማን ይጠረጥራል?

ማህደር ቀጠለች። ይህ ኮምፒውተር 13:20 ሲል ከምሽቱ አንድ ከሃያ ማለቱ ነው። በቀን ሰባት ሰዓት ከሃያማ ቢሮው ዝግ ነበር። ስለዚህ ሱሀይራ በሁሉም ፊት የጫነችው አርባ አንድ ነጥብ ያለውን፣ ኮረብታውን የሚዞረውን መስመር ነው። 19:20 የሚለው ፋይል ከሌላ ኮምፒውተር መጥቷል። በዚያች ደቂቃ ግን ጂፒኤሷ ከዚህ ኮምፒውተር ጋር በገመድ ታስራ ነበር፣ ሌላ ማንም ሊጽፍባት አይችልም። ስለዚህ ሰዓቱ የውሸት ነው። ሱሀይራ ከሄደች በኋላ የእሷን ፋይል አጥፍቶ የራሱን የጫነ ሰው፣ ጣት ወደ እሷ እንዲቀሰር ብሎ አስቀምጦታል።

«ማን?» አለች መሪያም። ከገባች የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«አቶ ሃሺ ቢሆኑ የዚህን ኮምፒውተር ሰዓት ያውቃሉ፤ 13:20 ያደርጉት ነበር። አብዱላሂ ኮምፒውተር አይነካም፣ ምሽቱንም የሚቆጥረው በሶላት ነው። የቀረው ደቂቃዋን የያዘ፣ የራሱ ላፕቶፕ ያለው፣ ቀኑን ሙሉ የእኛን ሰዓት ለእንግዶች ወደ እነሱ ሰዓት ሲቀይር የሚውል ሰው ነው። ተጠንቅቀህ ነበር ሁዘይፋ። አንድ ከሃያን 19:20 ያደረግከው ሳታስበው ነው። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል።»

«በሰዓት ብቻ ሰው ይከሰሳል?» አለ ሁዘይፋ፣ ረጋ ብሎ።

«ላፕቶፕህ ረቡዕ ማታ ሰዓቱ ወደ ኋላ መመለሱን መዝግቦ ይዟል። ደግሞም ቢዮ አዋሌ ነበርኩ።»

የመስመሩ መድረሻ የቢዮ አዋሌ ገበያ ሳይሆን ከከተማዋ ወጣ ያለ አንድ ቤት ነበር። ሻኩር እዚያ ድረስ አሰምሪልኝ ያላት ለምን እንደሆነ እህቱ አልጠየቀችውም። የቤቱ ሰዎች ግን ለማህደር ነገሯት፤ ባለፈው ዓመት የአሥራ አምስት ዓመት ልጃቸውን ሞተር ሳይክል ገጭቷት ጥሏት ሄደ፣ ልጅቷም ሞተች። ከሁለት ሳምንት በፊት ሻኩር መጣና የገጫትን ሰው እንደሚያውቅ ነገራቸው። እስከ ሐሙስ ሰውየው ራሱ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፣ ካልመጣም እኔ መጥቼ ስሙን እነግራችኋለሁ አላቸው። ልጅቷ በተገጨችበት ቀን በዚያ መንገድ እንግዳ የመራው ማን እንደሆነ የድርጅቱ መዝገብ ላይ አለ።

«ስሙን አልነገራቸውም» አለች ማህደር። «ለጓደኛው ቀን ሰጥቶት ነበር።»

ሁዘይፋ ወደ ሃሺ አየ፣ ወደ አብዱላሂ አየ፤ ወደ ሱሀይራና ወደ እናቷ ግን ማየት አቃተው።

«ሐሙስ እንዳይደርስ ብቻ ነበር የፈለግኩት» አለ።

ፖሊሷ ይዛው ወጣች። በሩ ተከፍቶ ቀረ፤ ሱሀይራ ግን ከወንበሯ አልተነሳችም። ነጻ ነሽ ብላታለች ማህደር፣ እግሯ ግን እንደ ታሰረ ነው። እጇ ወንድሟን አልገደለም። ቢሆንም ሻኩር ያንን ኮረብታ ሳያመነታ የወጣው የእህቴ መስመር ነው ብሎ አምኖ ነው፤ ይህንን ማንም መርማሪ ሊያነሳላት አይችልም።

መሪያም መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች። ይቅርታ አላለችም።

«ያንቺ የቱ ነው? አሳዪኝ።»

ሱሀይራ ከፈተችላት። እናቷ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አድርጋ ቀስ እያለች ተከተለችው፤ ከዚራን፣ ድልድዩን፣ ከከተማ መውጫውን። ኮረብታው ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ከዚያ መስመሩ በዞረበት ዞራ አለፈች።

«ይህኛውስ? መመለሻው ነው?»

«አዎ ሆዮ። ሲመለስ በእኛ ሰፈር በኩል እንዲያልፍ ነው ያሰመርኩት።»

«ስንት ሰዓት ይገባ ነበር?»

«ስድስት ተኩል።»

«ለምሳ» አለች መሪያም።

«አዎ ሆዮ። ለምሳ ይደርስ ነበር።»

መሪያም ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች። በአንድ እጇ የሱሀይራን እጅ ያዘች፤ የሌላውን እጇን ጣት ግን ከቤታቸው ላይ አላነሳችም።