ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ

«ለእናትሽ ትንፍሽ ብትዪ፣ እኔና አንቺ በቃን!»

አክስቷ እጅጌዋን ወደ ታች እየሳበች ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች። ልጅቷ ግን እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። አሁን የአክስቷን ብብት ነክታ ነበር፤ ከቆዳው ሥር የባቄላ ፍሬ የሚያህል ጠጣር እብጠት አለ።

«አያመኝም እኮ። ያላመመ ነገር ምን ያስሮጣል?»

«እማዬ የምታጠናው ይህንኑ አይደል እንዴ?»

«ለዚህ አይደል የምፈራት!»

እናቷ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተመራማሪ ናት። ምልክቱ ብብት ላይም የሚወጣው የጡት ካንሰር ሥር ሳይሰድ የሚገኝበትን መንገድ ታጠናለች፤ «ደህና ነን» የሚሉትን ሴቶች ሳይቀር ለምና ታስመረምራለች። ሬዲዮ ላይ «ሳይቃጠል በቅጠል» ስትል ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷታል። ቤት የምትገባው ግን ቃል አልቆባት ነው። ልጅቷን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የሚቀበላት የተቆለፈ በር ስለሆነ፣ የምታመሸው አክስቷ ሱቅ ነው። እዚያ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀመች ትስቃለች፤ ሐሜት ትሰማለች፤ ቤቱ ሰው ሰው ይሸታል።

ከተናገረች ይህም ይቀራል። አክስቷ ስታኮርፍ ደግሞ የዋዛ አይደለችም፤ ከገዛ ወንድሟ ጋር እንኳ ሳትነጋገር ዓመት አልፏታል።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ጓደኛዋ በክርኗ ነካ አደረገቻት። «ምነው፣ ሙድሽ ጠፋ?»

«ደብሮኝ ነው።»

ከዚያ በላይ ምን ትበላት? ምስጢሩ የእሷ አይደለም።

እራት ላይ እናቷን ጠየቀቻት። «እማ፣ የማያም እብጠት ያሰጋል?»

«ብዙውን ጊዜ ክፉ አይደለም። ግን ሳይታይ አይታወቅም።» እናቷ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም። «አለማመሙ ነው ሰውን የሚያዘናጋው። ለፈተና ነው?»

«አዎ... ለባዮሎጂ።»

የያዘችውን ጉርሻ መልሳ ትሪው ላይ አስቀመጠችው።

በነጋታው ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

«አክስቴ፣ ለእማዬ ልነግራት ነው። ከጀርባሽ እንዳይሆን ብዬ ነው የመጣሁት።»

አክስቷ ቀና ብላ አየቻት። አልጮኸችም፤ ብትጮህ ይሻል ነበር።

«ልጄ ነሽ ብዬ አምኜሽ!» አለች ቀስ ብላ። «በይ ውጪልኝ።» ወዲያው ስፌት መኪናውን በኃይል ማንጓጓት ጀመረች።

ልጅቷ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። መንገደኛው ግራና ቀኝ ይተላለፋል፤ ዞር ብሎ የሚያያት የለም። ስልኳን አወጣችና ደወለች።

«ስብሰባ ላይ ነኝ ሚጣዬ፣ በኋላ ልደውልልሽ?»

ከኋላዋ የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

«አይሆንም እማ» አለች። «ከስብሰባው ውጪና ስሚኝ።»